ያገለገለ ትንሽ ፎር ዊል፦ የሻጩ ዋጋና የገዥው ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል አንድ የውርጌሳ እህል ነጋዴ ይታሰብ። ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ማሽላና ጤፍ ይሰበስባል። ለባንክና ለደንበኛ ጉዳይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ወልዲያ ይመላለሳል። እስከ ዛሬ በሕዝብ ማመላለሻ፣ ሲቸኩልም በኮንትራት መኪና ነበር የሚሄደው። አሁን በእጁ 1.5 ሚሊዮን ብር አለ። የመኸር እህል ገበያ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንድ ደላላ ከአዲስ አበባ ይደውልለታል። «ጋሼ፣ ንጹሕ ቪታራ ተገኝቷል፤ እስከ ነገ ካልመጡ ይሸጣል። ደግሞስ መኪና ገንዘብ አይደለም እንዴ? ዓመት ነድተውት ቢሸጡት እንኳ ያተርፉበታል» ይለዋል።

ነጋዴው አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። ገንዘቡን እህል ላይ ቢያውለው በወቅቱ ገዝቶ በወቅቱ ይሸጠዋል። መኪና ላይ ቢያውለው ደግሞ ከመንገድ እንግልት ይገላገላል፤ ገበሬው ዘንድም ቀድሞ ይደርሳል። ደላላው የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያልተናገረው ከተናገረው ይበልጣል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይገዛል፤ ብረቱን፣ ወረቀቱንና የሚቀጥሉትን ዓመታት ወጪ። ሻጩ ዋጋ የሚጠራው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ዋጋው ለምን ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል?

በሌላው ዓለም መኪና በተነዳ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። በኢትዮጵያ ግን ለብዙ ዓመታት የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ምክንያቱም የሚሰወር አይደለም።

አንደኛው ታክስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 መኪናን በሞተር ጉልበትና በዕድሜ ከፋፈለ። ለአዲስ መኪና እስከ 1300 ሲሲ ላለው 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ሲሲ ላለው 60 በመቶ፣ ከ1800 ሲሲ በላይ ለሆነው 100 በመቶ ተጣለ። ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እየከበደ ሄዶ፣ ከ7 ዓመት በላይ በሆነውና ትልቅ ሞተር ባለው ላይ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። አሮጌ መኪና ከውጭ አስገብቶ መሸጥ በዚህ አዋጅ አዋጭነቱን አጣ።

ሁለተኛው እገዳው ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። ገበያው ከዚያ ወዲህ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው አገር ውስጥ ባለው መኪና ነው። ሦስተኛው የብር ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

በመሆኑም ቀደም ሲል የገዛ ሰው የመኪናው ዋጋ ከዓመት ዓመት ሲጨምር አየ። «መኪና ገንዘብ ነው» የሚለው አባባል የተወለደው ከዚህ ነው።

በብር ትርፍ፣ በዕቃ ኪሳራ

ነገር ግን ትርፉ በምን ተለክቶ ነው? በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲቀንስ ሲደረግ አንድ ዶላር ወደ 27 ብር ገደማ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው በ500 ሺህ ብር መኪና ገዛ እንበል። ይህ በጊዜው ምንዛሪ 18,500 ዶላር ገደማ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ዶላር 125 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ በ1.6 ሚሊዮን ብር ሸጠው እንበል። ሰውየው ገንዘቤ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ሆኖም 1.6 ሚሊዮን ብር በዚያን ቀን ምንዛሪ 12,800 ዶላር ብቻ ነው። ሲሦ ያህሉ በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። በዚያ ላይ የሰባት ዓመት ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና አለ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መኪና ብርን ባዶውን ከማስቀመጥ ሊሻል ይችላል፤ ነጋዴው ግን ብሩን ባዶውን አያስቀምጥም። ስለዚህ መኪናው መወዳደር ያለበት ከሣጥን ገንዘብ ጋር ሳይሆን ከሚዞረው ካፒታል ጋር ነው። መኪናውን የሸጠ ነጋዴ ሌላ መኪና ለመግዛት ቢፈልግ ያው የተወደደው ገበያ ይጠብቀዋል። በእጁ የገባው ትርፍ እዚያው ተመልሶ ይወጣል።

በኪሎ ሜትር ሲሰላ

መኪና በወር ሳይሆን በኪሎ ሜትር ቢሰላ እውነቱ ቶሎ ይታያል። ከውርጌሳ በመርሳ አድርጎ ወልዲያ በግምት 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በዓመት 50 ሳምንት ቢኬድ 100 ጉዞ ወይም 9,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ቤንዚን በአዲስ አበባ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በሊትር 47.83 ብር፣ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ 101.47 ብር ነበር። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ለስሌት እንዲቀል ሊትሩ 100 ብር፣ መኪናውም በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ይሁን። ቀጥሎ ያሉት አኃዞች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸውና አንባቢ በቦታቸው የዕለቱን ዋጋ ሊያስገባ ይገባል።

ነዳጅ ለ9,000 ኪሎ ሜትር 90,000 ብር ይፈጃል። አራት ጎማ 60,000 ብር ቢገዛና 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል የዓመቱ ድርሻ 13,500 ብር ነው። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ 6,000 ብር ቢያስወጣ 10,800 ብር ይሆናል። ለፍሬን ሸራ፣ ለፍሪሲዮን፣ ለኩሽኔታና ለመሳሰለው መጠባበቂያ 40,000 ብር ይያዝ። ኢንሹራንስና ቦሎ 30,000 ብር ይሁን። ድምሩ 184,300 ብር ሲሆን ለአንድ ኪሎ ሜትር 20 ብር ከ50 ሣንቲም ገደማ ይደርሳል። ብዙ ባለመኪና የሚያስበው ነዳጁን ብቻ ነው፤ ነዳጅ ግን እዚህ ስሌት ውስጥ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። መኪናው ላይ የታሰረው 1.5 ሚሊዮን ብር በንግድ ላይ ቢውል በዓመት 10 በመቶ ብቻ ቢያስገኝ 150,000 ብር ነበር። ይህ ሲደመር የዓመቱ ወጪ 334,300 ብር፣ የአንዱ የወልዲያ ደርሶ መልስ ዋጋ 3,343 ብር ይሆናል። እንግዲህ ኮንትራት መኪና ከዚህ ባነሰ ዋጋ ወስዶ የሚመልሰው ከሆነ፣ ነጋዴው መኪና የሚገዛው ለክብሩ ነው እንጂ ለሥራው አይደለም።

ጉዞው በዓመት 200 ቢሆን ግን መልኩ ይቀየራል። ነዳጅ፣ ጎማ፣ ዘይትና ጥገና በእጥፍ ቢያድጉም ኢንሹራንሱና የካፒታሉ ዋጋ ባሉበት ይቆያሉ። ጠቅላላው 488,600 ብር ለ200 ጉዞ ሲካፈል አንዱ ጉዞ 2,443 ብር ይወጣል። መኪና የሚያዋጣው ብዙ ለሚሠራበት ሰው ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የቆመ መኪና ርካሽ አይደለም። ወጪውን በዝምታ የሚበላ መኪና ነው።

አንዳንዶች «ሰው እየጫንኩ ወጪውን እሸፍናለሁ» ይላሉ። የቤት መኪና ሰሌዳ ይዞ በክፍያ ተሳፋሪ መጫን ግን ሕግን መጣስ ነው፤ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ ካሣ ለመክፈል እንዳይገደድ በር ይከፍታል። እህል መጫንም እንዲሁ ልክ አለው። አራት ኩንታል 400 ኪሎ ነው። ሾፌሩ ሲጨመርበት የአብዛኞቹን ትንንሽ ፎር ዊሎች የመሸከም አቅም ያሟጥጠዋል። ስድስት ኩንታል የሚጭን ሰው የሚጭነው በሞላውና በኩሽኔታው ላይ ነው። ለጭነት የተፈለገ ከሆነ ሊታይ የሚገባው ፒክአፕ ነው።

የትኛው መኪና ለየትኛው መንገድ?

ከውርጌሳ ወደ መርሳም ሆነ ወደ ውጫሌ ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ግን የጠጠርና የአፈር መንገድ ይጀምራል፤ ክረምት ሲገባ ጭቃና የጎርፍ መሻገሪያ ይጨመርበታል። ገዥው ራሱን የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከመቶ ኪሎ ሜትር ስንቱን ከአስፋልት ውጭ እነዳለሁ?» የሚል ይሁን።

ሱዙኪ ቪታራ በፈረንጆች 1988 ነው የወጣው። የመጀመሪያዎቹ ቪታራዎች አካላቸው በሻንሲ ላይ የተጫነ ነው፤ ፎር ዊሉ በሾፌሩ እጅ ሲፈለግ የሚገባ ሲሆን ለዳገትና ለጭቃ የሚሆን ከባድ ማርሽም አለው። 1600 ሲሲ ሞተሩ ቀላል ስለሆነ ብዙ መካኒክ ይደፍረዋል። ድክመቱ በአስፋልት ላይ ጠንከር ብሎ ማንገጫገጩ ነው። ሊዘነጋ የማይገባው ደግሞ ፎር ዊሉን በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መንዳት እንደማይቻል ነው። የፊትና የኋላ ጎማ እኩል መዞር ስለሚገደዱ ጉዳቱ በማስተላለፊያው ላይ ያርፋል።

ቶዮታ ራቭ 4 በ1994 የወጣ ሲሆን አካሉ እንደ አውቶሞቢል በአንድነት የተሠራ ነው። በአስፋልት ላይ ይመቻል፤ ለረጅም ጉዞ አያደክምም። 2000 ሲሲ ገደማ የሆነው ሞተሩ ዳገት ላይ አያፍርም። ይሁን እንጂ ከባድ ማርሽ የለውም። ፎር ዊሉ ሁልጊዜ የሚሠራ በሆነው ዓይነት ላይ አራቱም ጎማዎች አንድ ልክና ተቀራራቢ ዕድሜ ሊኖራቸው ይገባል። ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ቀላቅሎ መንዳት ዛሬ የሚቆጥበው ገንዘብ ነገ ለዲፍረንሻል ይከፈላል።

ዳይሃትሱ ቴሪዮስ በ1997 የወጣ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ሞተር 1300 ሲሲ ብቻ በመሆኑ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጠባብ በመሆኑም ለገበያ መሀል ይመቻል። ነገር ግን አምስት ሰውና ጓዝ ጭኖ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣ ሰው ትንሽነቱን ዳገቱ ላይ ይረዳዋል።

ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ፣ ዕቃው በቅርብ መገኘቱ ከማማሩ ይቀድማል። አንድ ዕቃ ከወልዲያ ወይም ከደሴ ከጠፋ መፈለጊያው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። ከዚያ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ይቆማል፤ ሥራውም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የአካባቢውን መካኒክ «የትኛውን ታውቀዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ከደላላው ምክር ይበልጣል።

እንጦጦ የማይዋሽ ምስክር ነው

ከአዲስ አበባ የተገዛ መኪና ውርጌሳ እስኪደርስ 475 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ በጣሊያን ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ከዚያ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ እንደገና ይወጣል። ይህ መንገድ የመኪናን ጉድ ሁሉ ያወጣል፤ የሚያሳዝነው የሚያወጣው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ መሆኑ ነው። ብልህ ገዥ ፈተናውን ወደ ፊት ያመጣዋል። በቦሌ ሜዳ ላይ የተሞከረ መኪና አልተሞከረም። ሻጩን አብሮ አሳፍሮ እንጦጦን መውጣትና መውረድ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ይፈጃል።

ሙከራው በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጀመር። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ጥርጣሬ ይግባ። ቀዝቅዞ ሲነሣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት ይበላል። የማይጠፋ ነጭ ጢስ ከወጣና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። የዘይት ክዳኑ ሲከፈት ወተት የመሰለ ነገር ካለበት ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ ያኔ ዋጋ መከራከር ሳይሆን ተሰናብቶ መሄድ ነው።

ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያውን ማየት ያስፈልጋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩን የሚያድነው በራዲያተሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት ሲሆን ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ ክዳኑ ነው። ያረጀ ክዳን ያለው መኪና ሜዳ ላይ ደህና ሰንብቶ ጣርማ በር ላይ ይፈላል። ጉልበት መቀነሱ ግን ብቻውን ጥፋት አይደለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረ ግን ፍሪሲዮኑ አልቋል።

ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬን ፈተና ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ያረጀ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ወይም መሪው ከተንቀጠቀጠ ሸራው፣ ዲስኩ ወይም ኩሽኔታው መታየት አለበት። ከተገዛ በኋላም የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ቁልቁለቱም በዝቅተኛ ማርሽ ይወረድ።

የሞተሩ ውስጥ ቺንጋ መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ ይጠየቅ። የቀድሞው ቪታራ 1600 ሲሲ ሞተርና የመጀመሪያው ራቭ 4 ባለ ቺንጋ ናቸው። በልማድ በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚለወጥ ሲሆን ማስረጃ ከሌለ እንዳልተለወጠ ይቆጠራል፤ ዋጋውም ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ሲበጠስ መኪናው ባለበት ይቆማል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ይማታሉ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሊመለስ ይችላል፤ የፔዳል ጎማ፣ የመሪ ልባስና የሾፌር ወንበር ግን አይመለሱም። 80,000 ኪሎ ሜትር የሚያነብ መኪና ፔዳሉ አልቆ ብረቱ ከታየ ሁለቱ አይስማሙም። ትንሽ ማግኔት በላሜራው ላይ ሲደረግ የማይዝባቸው ቦታዎች ስቱኮ የተለጠፈባቸው ናቸው። በጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ብቻ ደርቆ ሊሰነጣጠቅ ይችላል።

ወረቀቱ ከሞተሩ አያንስም

የተበላሸ ሞተር በገንዘብ ይጠገናል። የተበላሸ ወረቀት ግን ገንዘቡንም መኪናውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር በዓይን ይመሳከር። የተፋቀ ወይም የተበየደ ቁጥር ከታየ ድርድሩ እዚያው ያብቃ። መኪናው የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ የሌለበት መሆኑ ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ይጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም፤ ርካሽ ሆኖ የቀረበ መኪና ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል።

በገበያው ውስጥ እጅግ የተለመደውና እጅግ አደገኛው በውክልና መግዛት ነው። ገዥው ስም ማዛወሪያውን ለማትረፍ ወይም መልሶ ለመሸጥ ሲል ሊብሬውን በሻጩ ስም ይተወዋል። ውክልና ግን ባለቤትነት አይደለም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞትም ውክልናው ይቀራል፤ ወራሾቹም «የአባታችን ንብረት ነው» ብለው ይመጣሉ። ሻጩ ዕዳ ቢኖርበት ባለገንዘቡ የሚያሳግደው በስሙ ያለውን መኪና ነው። ውርጌሳ ተቀምጦ ለአዲስ አበባ ክርክር መመላለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ኪሳራ ነው።

ሌላው ልማድ በውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ነው። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ስለሆነ ለመቆጠብ ተብሎ 1.5 ሚሊዮኑ 600 ሺህ ተብሎ ይጻፋል። ነገ መኪናው የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝና ገንዘብ ይመለስ ቢባል በገዥው እጅ ያለው ማስረጃ 600 ሺህ የሚለው ነው። 18 ሺህ ብር ለመቆጠብ 900 ሺህ ብር ለአደጋ ማጋለጥ ንግድ አይባልም። ክፍያው ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ሲፈረም በባንክ ይፈጸም፤ የተወሰነው ገንዘብም የስም ዝውውሩ እስኪያልቅ ይያዝ።

መንገድ ሲዘጋ

የውርጌሳ ባለመኪና ከአዲስ አበባው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልዲያ በሕወሓት ኃይሎች ከተያዘች በኋላ የውርጌሳና የመርሳ አካባቢ የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር፤ የመንግሥት ኃይሎች አካባቢውን መልሰው የያዙት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም መንገዶች በተደጋጋሚ ሲዘጉ ታይቷል። ስለዚህ በዓመት 100 ጉዞ ብሎ ያቀደ ሰው 60 ብቻ ሊሄድ ይችላል። የካፒታሉ ዋጋና ኢንሹራንሱ ግን መንገድ ተዘጋ ብለው አይቆሙም።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ ሁለት ነገር ይታወቅ። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ሌላው ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው፤ የራስን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ሽፋን የሚባለውም ቢሆን በተለመደው ውል ጦርነትንና ሁከትን አይጨምርም። የፖለቲካ ሁከት ሽፋን ለብቻው ይገዛል። ውሉን ከመፈረም በፊት የማይሸፈኑት የተዘረዘሩበትን ገጽ ማንበብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጥ ቤንዚን ይመጣል። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ መኪናውን ይጎዳል። ሌላ መውጫ ከሌለ በንጹሕ ጨርቅ አጣርቶ መቅዳት ቆሻሻውን እንጂ ቅልቅሉን አይለይም። ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ ጎማው በቂ ንፋስ ይኑረው። መንገድ በተገኘ ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩ እስኪሞቅ ይነዳ። በቆመበት ለአምስት ደቂቃ ማስነሣት ባትሪን ከመጨረስ በቀር የሚጠቅመው የለም።

ለደላሎች አንድ ቃል

ኮሚሽን የሚገኘው በአንድ ቀን ነው፤ ስም ግን በዓመታት ነው። ለውርጌሳ ነጋዴ ጉድለቱን ነግሮ የሸጠ ደላላ በመርሳና በወልዲያ ሦስት ሌላ ደንበኛ ያገኛል፤ የገጠር ከተማ ወሬ ከጋዜጣ ይፈጥናልና። «እስከ ነገ ካልመጡ ይሸጣል» የሚለው ቃል ደግሞ ልምድ ያለውን ገዥ አያስቸኩለውም፤ ይልቁን ያስጠረጥረዋል።

የነጋዴው ውሳኔ

ወደ ውርጌሳው ነጋዴ ስንመለስ፣ መልሱ በጉዞው ቁጥር ላይ ነው። በዓመት 100 ጊዜ ብቻ የሚሄድ ከሆነና ኮንትራቱ ከ3,343 ብር በታች ከተገኘ፣ ገንዘቡን በመኸሩ እህል ላይ አውሎ መኪናውን ለከርሞ ቢያቆየው ይሻለዋል። ጉዞው ወደ 200 የሚጠጋ ከሆነ፣ የገጠሩ መንገድም ኮንትራት የማይገባበት ከሆነ ይግዛ። ሲገዛ ግን 1.5 ሚሊዮኑን ሙሉ በሙሉ ለሻጭ አይስጥ። በ1.2 ሚሊዮን የሚገኘውን ይፈልግ፤ 300 ሺህውን ለስም ማዛወሪያ፣ ለቺንጋ፣ ለጎማ፣ ለፍሬንና ለመጀመሪያው ዓመት ያልታሰበ ወጪ ይያዘው። የመጨረሻ ብሩን ከፍሎ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያው ብልሽት መኪናውን አቁሞ እንደገና በሚኒባስ ይሳፈራል።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው እንደሚባለው፣ የመኪና ሒሳብም ቁልፉን ከመቀበል በፊት የሚሠራ ነው።